35 ዶላር የተባለው ጥናት በነጻም አለ፦ ባሕር ዳር ሆኖ ለሚፈልግ

ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ ባሕር ዳር የመመረቂያ ጽሑፍ ከተማ ትሆናለች። ፔዳ አካባቢ ያሉ ፎቶኮፒ ቤቶች ይጨናነቃሉ። የፖሊው፣ የዘንዘልማው፣ የጥበበ ግዮኑ ግቢ ተመራቂ ፍላሹን ይዞ ይሯሯጣል። በዚህ ወቅት ሁለት አባባሎች ደጋግመው ይሰማሉ። አንዱ «ኢንተርኔት ላይ የማይገኝ ነገር የለም» ይላል። ሌላው «ደህና ደህናው ሁሉ በዶላር ነው» ይላል። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ግን የመጀመሪያው ተማሪውን ያገኘውን ሁሉ እንዲያምን ያደርገዋል። ሁለተኛው ደግሞ ገና ሳይፈልግ ተስፋ ያስቆርጠዋል።

በ2025 መጀመሪያ ሌላ ግራ መጋባት ተጨመረ። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ለዓመታት በነጻ ሲያገለግሉ የኖሩ የመረጃ ቋቶች በአሜሪካ መንግሥት የበጀት ቅነሳ ምክንያት ድንገት ሥራ አቆሙ። «ነጻ ነው» የተባለው ነገር እንዴት ይዘጋል? ብዙ ሰው ይህን ሲጠይቅ ነበር።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በነጻ የሚገኝ ጥናት ሁሉ አንድ ቦታ፣ የሆነ ሰው ከፍሎበት የተቀመጠ ነው። ማን እንደከፈለና ለምን እንደከፈለ የሚያውቅ ሰው የት መፈለግ እንዳለበትም ያውቃል። ባሕር ዳር ላለ ተመራማሪ ከዶላሩ ይልቅ የሚጎዳው ይህን አለማወቁ ነው። ስለ ጣናና ስለ አካባቢው የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል። እሱን የገነባነው እኛው ነን።

ዋጋው ከየት መጣ?

አንድ የጥናት ጽሑፍ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ገጹ ላይ የሚመጣው ዋጋ ከ30 እስከ 40 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ ገንዘብ በብር ሲሰላ ያስደነግጣል። ብሩ ቢኖር እንኳ በዶላር የሚከፈልበት ካርድ ያለው ተማሪ ስንት ነው?

የሚገርመው፣ ከዚህ ገንዘብ ለጸሐፊው የሚደርሰው የለም። ጥናቱን የሠራው ምሁር ጽሑፉን ለጆርናሉ በነጻ ይሰጣል። ጽሑፉን አንብበው «ይታተም» ወይም «ይስተካከል» የሚሉት ገምጋሚዎችም በአብዛኛው አይከፈላቸውም። ከዚያ አሳታሚው መልሶ ለዩኒቨርሲቲዎች ይሸጠዋል። ገበሬ ጤፉን ለወፍጮ ቤት በነጻ ሰጥቶ ዱቄቱን መልሶ እንደመግዛት ነው። አሳታሚዎቹ ግን የራሳቸው መልስ አላቸው። ግምገማውን ማስተባበር፣ አርትዖቱ፣ ጽሑፉን ለዘመናት አስጠብቆ ማቆየቱ ወጪ አለው ይላሉ። ወጪ መኖሩን የሚክድ የለም። ክርክሩ የሚጠየቀው ዋጋ ከወጪው ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለው ላይ ነው።

በየካቲት 2002 ቡዳፔስት ላይ የተሰባሰቡ ምሁራንና የቤተ መጻሕፍት ሰዎች አንድ መግለጫ አወጡ። ሳይንሳዊ ጽሑፍ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያነበው ይገባል አሉ። ዛሬ ኦፕን አክሰስ የሚባለው፣ በአማርኛ ክፍት ተደራሽነት ልንለው የምንችለው አሠራር መነሻው ከዚህ ይቆጠራል። በ2018 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው ከሁሉም የጥናት ጽሑፎች 28 ከመቶ ያህሉ በነጻ ይገኙ ነበር። በ2015 ከታተሙት ብቻ ሲሰላ ግን 45 ከመቶ ደርሷል። ጽሑፉ አዲስ በሆነ ቁጥር በነጻ የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል ማለት ነው።

ይህ ለውጥ ሌላ ችግር ወለደ። አንባቢው የማይከፍል ከሆነ ጸሐፊው ይክፈል ተባለ። ይህ ክፍያ የኅትመት ማስኬጃ ክፍያ ይባላል። ኔቸር የተባለው ታዋቂ ጆርናል ከ2021 ጀምሮ አንድን ጽሑፍ ክፍት ለማድረግ 9,500 ዩሮ መጠየቅ ጀመረ። ይህን የሚከፍል የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ማግኘት ዘበት ነው። ስለዚህ «ክፍት ተደራሽነት ድሃውን አንባቢ ጠቅሞ ድሃውን ጸሐፊ ከደጅ አስቀረው» የሚሉ ተቺዎች አሉ። ትችታቸው ውኃ ያነሳል። ማካካሻ ግን አለ። ብዙ አሳታሚዎች እንደ ኢትዮጵያ ካሉ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጣ ጽሑፍ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይተዋሉ። ይህ የሚሠራው በአብዛኛው ሙሉ ለሙሉ ክፍት በሆኑ ጆርናሎች ላይ ነው። ጥያቄውም ጽሑፉ በሚላክበት ጊዜ መቅረብ አለበት። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ «ገንዘብ የለኝም» ማለት ብዙ ጊዜ አይሠራም።

አንድ ጥናት ብዙ ቅጂ አለው

ብዙ ተማሪ የአሳታሚውን ገጽ ከፍቶ ዋጋውን ሲያይ ይዘጋዋል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። የአሳታሚው ገጽ ከቅጂዎቹ የአንዱ ማስቀመጫ ብቻ ነው። ብዙ አሳታሚዎች ጸሐፊው ተቀባይነት ያገኘውን ረቂቅ በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳሉ። አንዳንዴ ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ወር ቆይ ይሉታል። ያ ረቂቅ በይዘቱ ከታተመው ጋር በአብዛኛው አንድ ነው። የገጽ ቁጥሩና አቀማመጡ ነው የሚለየው።

ይህን ሁለተኛ ቅጂ ለማግኘት ቁልፉ ዲኦአይ የሚባለው መለያ ቁጥር ነው። አብዛኛው በጆርናል የታተመ ጽሑፍ የራሱ አለው። ሁልጊዜ በ10 ይጀምራል። አንፔይዎል የተባለው ነጻ መሣሪያ ይህን ቁጥር ተቀብሎ በዓለም ዙሪያ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ማከማቻዎችን ይፈትሻል። ሕጋዊ ነጻ ቅጂ ካለ ይሰጣል። እንግሊዝ አገር የሚገኘው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ኮርም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ጉግል ስኮላር ላይ ደግሞ ከብዙዎቹ ውጤቶች ሥር «ሁሉም ቅጂዎች» የሚል ትርጉም ያለው ማገናኛ አለ። ጥቂት ሰው ነው የሚጫነው። ነጻው ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነው።

ሁሉም ካልሠራ ለጸሐፊው መጻፍ ነው። የኢሜይል አድራሻው ብዙ ጊዜ አብስትራክቱ (የጽሑፉ አጭር መግለጫ) አጠገብ ይገኛል። ሁለት መስመር ይበቃል፦ ማን እንደሆኑ፣ የትኛውን ጽሑፍ እንደሚፈልጉ። አብዛኞቹ አሳታሚዎች ጸሐፊው ለግል ጥናት ለጠየቀው ሰው ቅጂ መላኩን አይከለክሉም። ምሁራንም ሥራቸው ሲነበብ ደስ ይላቸዋል። እኛ ጋ «ፈረንጅ ለእኔ ምን ብሎ ይመልሳል» የሚል ይሉኝታ አለ። ያለ ምክንያት የሚያስከፍል ይሉኝታ ነው።

ግቢ ውስጥ ያለው በር

ተቋምን በመሃል አድርጎ የሚገኝ ሌላ መንገድ አለ። ሪሰርች ፎር ላይፍ ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና አሳታሚዎች አብረው የሚያካሂዱት ነው። ለጤና ሂናሪ፣ ለግብርና አጎራ፣ ለአካባቢ ኦአሬ፣ ለቴክኖሎጂ አርዲ፣ ለሕግና ለማኅበራዊ ፍትሕ ጎዓሊ የሚባሉ አምስት ክፍሎች አሉት። ቀደምቱ ሂናሪ በ2002 ሲጀመር አጎራ በ2003 ተከተለው። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚያገኙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። በ35 ዶላር የሚሸጠው ጽሑፍ በዚህ በኩል ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ክፍያ ይከፈታል።

አንድ ነገር ግን አለ። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ተቋም ነው። የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃሉ ያለው ቤተ መጻሕፍት ዘንድ ነው። ስለዚህ ጤና ሳይንስ ወይም ግብርና የሚያጠና ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ ነው። ያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው መጽሐፍ ከማዋስ ያለፈ ሥራ አለው። በብዙ ግቢዎች ግን ማንም አይጠይቀውም፤ እሱም ካልተጠየቀ አይናገርም።

ሳተላይቱ፣ እምቦጩና ብራናው

የየትምህርቱን ምንጭ ሁሉ ብንዘረዝር ገጹ አይበቃም። ሁለት መስኮች ላይ ብቻ ቆም እንበል፤ ሁለቱም ጣናን ይነካሉ።

የመጀመሪያው የሳተላይት ምስል ነው። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሱ ኖረዋል። እስከ 2008 ድረስ አንድ ምስል በመቶዎች ዶላር ይሸጥ ነበር። በዚያ ዓመት ክምችቱ በሙሉ ነጻ እንዲሆን ተወሰነ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 አለ። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ አንድ ነጥብ ሆኖ ይታይበታል። በአምስት ቀን አንዴ ተመልሶ ያልፋል። ለእምቦጭ ጥናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። እምቦጭ ጣና ላይ ከ2011 ጀምሮ ሲመዘገብ ነው የኖረው፤ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደምቢያና በሊቦ ከምከም በኩል። አረሙ የሚንሰራፋው ክረምቱ ሲወጣ ነው። በክረምት ደግሞ ደመናው ፎቶውን ይጋርደዋል። ለዚህ ሴንቲኔል-1 አለ። በራዳር ስለሚሠራ ደመናው አያግደውም። ሁለቱንም አጣምሮ የሚሠራ ተማሪ ጀልባ ሳይከራይ የአረሙን ስፋት ከዓመት ዓመት መከታተል ይችላል። ውኃው ላይ ወርዶ ማረጋገጡ ግን አይቀርለትም፤ ከሰማይ ሲታይ እምቦጭና ደንገል አንዳንዴ ይመሳሰላሉ።

ዝናብ ለሚያጠና ደግሞ ቺርፕስ የሚባለው ክምችት ከ1981 ጀምሮ ያለውን መረጃ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ስፋት ከፋፍሎ ይሰጣል። በጉማራ ወይም በርብ ተፋሰስ ውስጥ የመለኪያ ጣቢያ ያጣ ሰው በዚህ ክፍተቱን ሊሞላ ይችላል። የውኃና የግብርና ጥናቶችን በተመለከተ የዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከላት ሲጂስፔስ በተባለ ማከማቻ ሪፖርቶቻቸውን ያስቀምጣሉ። ስለ ጣና ተፋሰስ የተሠሩ ሥራዎች እዚያ አሉ። አንዳንዶቹ በየቢሮው መሳቢያ ውስጥ ከሚፈለጉት ይሻላሉ።

ሁለተኛው የብራና ጽሑፍ ነው። በ1973 ኢትዮጵያ ውስጥ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። በዓመታት ውስጥ 9,000 ገደማ መጻሕፍት ተነሱ። ቅጂዎቹ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ሂል በሚባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። ካታሎጉን በመሥራት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርተ ዓመታት ደክመውበታል። ዛሬ ብዙው በቤተ መጻሕፍቱ የኢንተርኔት ንባብ ክፍል ይገኛል፤ የሚያስፈልገው መመዝገብ ብቻ ነው፣ ክፍያ የለውም። የጣና ደሴቶችን በተመለከተ ደግሞ ምሁሩ ኧርነስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ መጨረሻ ያነሷቸው መጻሕፍት ካታሎግ ከ1973 ጀምሮ በጀርመንኛ ታትሟል። የነዚህ መጻሕፍት መግለጫ አሁን ሐምቡርግ በሚገኘው «ቤተ መጻሕፍት» በተባለው ክፍት ፕሮጀክት ውስጥ ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙ የማይነሳ ነገር አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የተባሉት የደሴት ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። አንዲት የታሪክ ወይም የግእዝ ተማሪ ከባሕር ዳር ወደብ ሆና ክብራንን በዓይኗ ታያለች፤ ደሴቲቱ ላይ ያለውን መጽሐፍ ግን ሄዳ ልታየው አትችልም። ኢንተርኔት ላይ ያለው መግለጫና ምስል ለእሷ ተጨማሪ ምቾት አይደለም፤ ከናካቴው ያለው መንገድ እሱ ነው።

ሌላውን በአጭሩ

ጤና ላይ ፐብሜድ የጽሑፎችን ዝርዝርና አብስትራክት ይሰጣል። ሙሉውን ጽሑፍ የሚሰጠው በ2000 የተጀመረው ፐብሜድ ሴንትራል ነው። ብዙ ተማሪ ሁለቱን ያምታታል። ፊዚክስ፣ ሒሳብና ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ከ1991 ጀምሮ ያለው አርካይቭ አለ፤ በላቲን ሲጻፍ መሃሉ ላይ ኤክስ ያለው ነው። እዚያ ያለው ጽሑፍ ብዙው ገና ያልተገመገመ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢኮኖሚክስ ላይ ሬፔክ የሚባለው የጽሑፎች ማውጫ አለ። የዓለም ባንክ ደግሞ የኢትዮጵያን የቤተሰብ ኑሮ ጥናት ጥሬ መረጃ በነጻ ይሰጣል። ታሪክ ላይ ጄስቶር የተባለው የጆርናሎች ቋት በግል አካውንት በወር እስከ 100 ጽሑፍ በኢንተርኔት ያስነብባል፤ ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ እዚያ ይገኛል። ፈረንሳይኛ ለሚያነብ አናል ዴቲዮፒ የተባለው ጆርናል ፔርሴ በሚባለው ገጽ ላይ ክፍት ነው። ሕግ ተማሪ አቢሲኒያ ሎው በተባለው ገጽ ላይ አዋጆችንና የሰበር ውሳኔዎችን ያገኛል። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ዓ.ም. ወዲህ የሰበር የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአፍሪካ ጆርናሎችን ለሚፈልግ በ1998 የተመሠረተው ኤጆል ከ500 በላይ ጆርናሎች ይዟል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ጆርናልም እዚያ አለ።

ከፋዩ ሲያቆም

አሁን ወደ 2025ቱ ነገር እንመለስ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ተካሂዷል። ጥሬ መረጃው ዲኤችኤስ ፕሮግራም በሚባለው ቋት በኩል ለጠየቀ ሁሉ በነጻ ይሰጥ ነበር። የእናቶች ጤና፣ የክትባት፣ የሕፃናት መቀንጨር ጥናቶች ብዙዎቹ የቆሙት በዚህ መረጃ ላይ ነው። ሜዳ ወርዶ መረጃ ለመሰብሰብ በጀት የሌለው ወጣት ምሁር መተንፈሻው ይህ ነበር። ፕሮግራሙን ይደግፍ የነበረው የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ነው። በየካቲት 2025 ድጋፉ ሲቆም ፕሮግራሙም ቆመ። አዲስ የመረጃ ጥያቄ አይስተናገድም ተባለ። በኋላ ከሌላ ለጋሽ ጊዜያዊ ገንዘብ ተገኝቶ በከፊል ተመልሷል።

ብቻውን አልነበረም። ከ1985 ጀምሮ የምግብ እጥረትን አስቀድሞ ሲያስጠነቅቅ የኖረው ፊውስኔት በጥር መጨረሻ ከኢንተርኔት ጠፋ። የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። የትምህርት ጥናቶችን የሚያሰባስበው ኤሪክም በጀቱ ተቀንሶ የሚጨምራቸውን አዳዲስ ምንጮች አሳነሰ።

ከዚህ ሁለት ዓይነት ድምዳሜ የሚያወጡ አሉ። አንዳንዶቹ «በሰው ገንዘብ ላይ መመካት ይቅር፣ የራሳችንን እንሥራ» ይላሉ። ሌሎቹ «የራሳችን ማከማቻ ሰርቨሩ ስንት ጊዜ ነው የሚቋረጠው? የውጩ ይሻላል» ይላሉ። ሁለተኞቹ ተግባራዊ ናቸው፤ ግን የ2025ቱ ነገር የሚያሳየው ሀብታሙ መንግሥትም በአንድ ጠዋት ሐሳቡን እንደሚቀይር ነው። የሚያዋጣው አንድን ነገር ከአንድ በላይ ቦታ ማስቀመጥ ይመስላል። የሚሠሩበትን መረጃ ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ አውርዶ መያዝም የዚሁ አካል ነው።

አውርዶ መያዝ ለባሕር ዳር ሰው ሌላም ምክንያት አለው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዋይፋይ ያለበት ግቢ ያልደረሰ ተማሪ ከሁሉም ነገር ተቆርጦ ነው የከረመው። ኪዊክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን በሙሉ ፍላሽ ወይም ስልክ ላይ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ዞቴሮ ደግሞ ያወረዱትን ፒዲኤፍ ከነሬፈረንሱ አደራጅቶ ያስቀምጣል። መስመር ያለ ቀን የተጫነ ነገር መስመር በሌለ ቀን ያሠራል።

አቋራጮቹ

ብዙ ሰው ከላይ ያለውን ሁሉ ትቶ ወደ ሳይ-ሐብ ይሄዳል። ከ2011 ጀምሮ የተከፈለባቸውን ጽሑፎች ያለ አሳታሚዎቹ ፈቃድ የሚያድል ገጽ ነው። በ2017 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ኤልሰቪየር ለተባለው አሳታሚ 15 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈርዶበታል። ደጋፊዎቹ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ መዘጋቱ ራሱ ዝርፊያ ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ የቅጂ መብት ሕግ መጣሱን ያነሳሉ። የሥነ ምግባሩን ክርክር ወደ ጎን ብንተው እንኳ ተግባራዊ እጥረት አለበት። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ አዲስ ጽሑፍ መጨመሩን በእጅጉ አቁሟል። ስለዚህ የቅርብ ጊዜ ጥናት የሚፈልግ ሰው እዚያ ባዶ እጁን ይመለሳል። ቅርብ ጊዜ የታተመው ደግሞ ቀድመን እንዳየነው በሕጋዊ መንገድ በነጻ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛው አቋራጭ እንደ ቻትጂፒቲ ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ለሐሳብ ማብራሪያ ይጠቅማል። ሬፈረንስ ሲጠየቅ ግን የሌለ ጽሑፍ ፈጥሮ ሊሰጥ ይችላል። ምክንያቱ አሠራሩ ነው። መሣሪያው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ይጽፋል። ጸሐፊው በእውን ያለ፣ ጆርናሉም በእውን ያለ፣ ርዕሱ ግን ማንም ያልጻፈው ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት እየፈለጉ የሚመልሱት አዳዲሶቹ ይሻላሉ፤ እነሱም ጽሑፉ ያላለውን «አለ» ሊሉ ይችላሉ። ስለ ጣና ዓይነት ጥቂት የተጻፈበት ጉዳይ ሲሆን ስህተቱ ይብሳል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ዲኦአዩን አስገብቶ ማየት። ካልተከፈተ ወይም ሌላ ጽሑፍ ካመጣ አድቫይዘሩ ሳያየው ማውጣት ይሻላል።

ሦስተኛው አደጋ ለማንበብ ሳይሆን ለማሳተም የሚሮጠውን ይጠብቀዋል። ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ አጭበርባሪ ጆርናሎች አሉ። «በሦስት ቀን እናትማለን» የሚል ኢሜይል ይልካሉ። የደረጃ ዕድገት በኅትመት ብዛት ሲለካ ገበያቸው ይደራል። ዶአጅ የተባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ከ2003 ጀምሮ የተጣሩትን ይመዘግባል። እዚያ አለመኖር ብቻውን ማጭበርበርን አያረጋግጥም፤ መኖሩ ግን ጥሩ ምልክት ነው።

ስለ ጣና የተጻፈው የት ነው?

አሁን ወደ ራሳችን ግድግዳ እንምጣ። ስለ ቀረሶና አምባዛ ምርት፣ ስለ ፎገራ ሩዝ፣ ስለ ባሕር ዳር የቆሻሻ አያያዝ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ተሠርቷል። ብዙው በሃርድ ኮፒ ታስሮ መደርደሪያ ላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ያንኑ ርዕስ እንደ አዲስ ይጀምረዋል፤ «በዚህ አካባቢ የተሠራ ጥናት የለም» ብሎ ይጽፋል። ውሸት እየጻፈ አይደለም። ፈልጎ አላገኘም።

መመሪያ ጠፍቶ አይደለም። በመስከረም 2019 የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር አገር አቀፍ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናትና የመመረቂያ ጽሑፍ ናድሬ በተባለው ብሔራዊ ማከማቻ ውስጥ እንዲቀመጥ ያዛል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የራሱ ማከማቻ አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን በኢንተርኔት ማስቀመጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ስለ ጣናም እዚያ የሚገኝ አለ። ክፍተቱ ያለው በመመሪያውና በየትምህርት ክፍሉ ልማድ መሃል ነው። ተማሪው ከዲፌንስ በኋላ ማስረጃውን ይዞ ይሄዳል። ሶፍት ኮፒው በሲዲ ይገባል። ሲዲው ላይጫን ይችላል። ሥራዬ ይሰረቃል የሚል ስጋትም አለ። ስጋቱ የሚገባ ነው፤ ግን ቀን ተመዝግቦበት በይፋ የተቀመጠ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ካለው ይልቅ ለመስረቅ ይከብዳል። ከጉግል አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ማጋለጥ ይቻላላ።

ያለውንም ለማግኘት አጻጻፉ ያስቸግራል። የፍለጋ ሞተር «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ» እና «ሃይቅ» አንድ መሆናቸውን ሁልጊዜ አያውቅም። በላቲን ሲሆን ባሕር ዳር በአንድ ቃልም በሁለትም ይጻፋል፤ ዓባይ በአንድ ቢም በሁለት ቢም፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ናይል ተብሎ። የኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ስም ደግሞ አንዱ ቋት በራሱ ስም፣ ሌላው በአባቱ ስም ይመዘግበዋል። ሁሉንም መሞከር ነው።

ማከማቻው አልሠራ ያለው ተመራቂ በ2013 የተከፈተውን ዜኖዶ መጠቀም ይችላል። ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል የሚተዳደር ነው፤ እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ በነጻ ይቀበላል፣ ለጽሑፉም ዲኦአይ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ጽሑፉን ለጆርናል ለመላክ ያሰበ ሰው የጆርናሉን ደንብ ይይ፤ አንዳንዱ ቀድሞ የተለጠፈ የመመረቂያ ጽሑፍን ይቀበላል፣ አንዳንዱ ይጠይቃል። ርዕሱንና አብስትራክቱን በአማርኛም መጻፍ ይጠቅማል፤ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ውስጥ ያለው ጸሐፊ ወይም የወረዳው የግብርና ባለሙያ የሚፈልገው በአማርኛ ነውና። ጥሬ መረጃውን አብሮ የሚጭን ከሆነ የተጠያቂዎቹን ስም፣ ስልክና የቀበሌ የቤት ቁጥር ከፋይሉ ውስጥ አስቀድሞ ያውጣ። አንዴ ዲኦአይ የተሰጠውን ነገር መልሶ ማጥፋት ቀላል አይደለም።